ለጥምቀት የማይደርስ ግድግዳ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ ከአራዳ ገበያ ዝቅ ብሎ ከአያቴ የወረስኩት ባለ አንድ ፎቅ የድንጋይ ቤት አለኝ። ግድግዳው ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ውፍረት ያለው፣ በጭቃና በኖራ የተገነባ ነው። ባለፈው ክረምት የውጩ ልስን በብዙ ቦታ ወደቀ፤ ከሥር በኩልም እርጥበት እየወጣ ነው። አሁን ኅዳር አጋማሽ ላይ ነን፤ ክፍሎቹን ለጥምቀት እንግዶች ማከራየት እፈልጋለሁ። አንድ የማውቃቸው ባለሙያ በኖራ አሠራው ብለው መክረውኛል። ሥራውን በቁርጥ ሊይዝ የመጣው ግንበኛ ግን ‹ኖራ ዓመት ይፈጃል፤ ትንሽ ሲሚንቶ ጣል አድርገንበት፣ ውስጥ ደግሞ ከሰል አቀጣጥለን ካደረቅነው በሦስት ሳምንት አስረክባለሁ› ይላል። ማንን ልስማ?»

ምላሽ፦

ባጭሩ ለመመለስ፣ ባለሙያውን ይስሙ፤ ሲሚንቶውንም ከሰሉንም ይተዉ፤ የውጩን ልስን ለዘንድሮ ጥምቀት አያስቡት። ይህን ስል ግንበኛው ዋሽቷል ማለቴ አይደለም። ኖራ ጊዜ ይፈጃል ማለቱ እውነት ነው፤ በሦስት ሳምንት አስረክባለሁ ማለቱም እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሲያዩት ያማረ፣ ሲነኩት የደረቀ፣ ክፍያ የሚያስጠይቅ ግድግዳ በሦስት ሳምንት ማስረከብ ለሠለጠነ እጅ አያቅትምና። ስሕተቱ ያለው መድረቅንና መጠንከርን እንደ አንድ ነገር በመቁጠሩ ላይ ነው። ኖራን በተመለከተ እነዚህ ሁለቱ ብዙ ጊዜ ይጻረራሉ፤ አለጊዜው እንዲደርቅ የተደረገ ኖራ ሳይጠነክር ይቀራል። መልሴን ያስረዘመውም ይህንኑ ነጥብ በሚገባ ለማስረዳት መፈለጌ ነው፤ ምክንያቱን ካወቁ ነገ ሌላ ግንበኛ ሌላ አቋራጭ ይዞ ሲመጣ ራስዎ ይመዝኑታል።

ኖራ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። መቶ ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ እሳት ሲቃጠል፣ በውስጡ ታስሮ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቅና 44 ኪሎው ወደ ሰማይ ይሄዳል፤ ምድጃው ውስጥ የሚቀረው 56 ኪሎ ትኩስ ኖራ ነው። ይህ ትኩስ ኖራ ውሃ ሲያገኝ እየጋለ፣ እየፈላና እየተፈረካከሰ 18 ኪሎ ውሃ ወደ ውስጡ ይወስድና 74 ኪሎ ይሆናል። ከአሸዋ ጋር ቀላቅለን ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ይህን ነው። እንግዲህ ድንጋይ የነበረው ነገር ተመልሶ ድንጋይ ይሆን ዘንድ፣ በእሳት ያጣውን ያንኑ 44 ኪሎ ጋዝ ከአየር መልሶ መውሰድ፣ የወሰደውን 18 ኪሎ ውሃ ደግሞ መመለስ አለበት፤ ያን ጊዜ ሒሳቡ ወደ መቶ ኪሎው ይገባል። እሳት በጥቂት ቀናት የነጠቀውን፣ አየር በወራትና በዓመታት ይመልሰዋል፤ በምንተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 0.04 በመቶ ገደማ ብቻ ነውና። ይህን ቁጥር ግንበኛ በጉልበትም፣ ባለቤት በገንዘብም ሊያሳድገው አይችልም።

ጋዙ ወደ ልስኑ የሚገባበት መንገድም የራሱ ጠባይ አለው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ኖራውን በቀጥታ አያገኘውም፤ አስቀድሞ በልስኑ ቀዳዳዎች ዙሪያ ባለ ስስ የውሃ ሽፋን ውስጥ መሟሟት አለበት። ቀዳዳዎቹ በውሃ ከተሞሉ አየር መግቢያ ያጣል፤ ፈጽመው ከደረቁ ደግሞ መሟሚያ ያጣል። የሚስማማው ደርቆ ያልደረቀ፣ እርሶ ያልራሰ ሁኔታ ነው፤ በቁጥር ስናስቀምጠው የአየሩ እርጥበት ከ50 እስከ 75 በመቶ ሲሆን ሥራው በጥሩ ሁኔታ ይካሄዳል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፣ በበጋ የቀትሩ ፀሐይና የከሰዓቱ ነፋስ አንድ ላይ ሲመጡ ትኩስ ልስንን በግማሽ ቀን ያጠወልጉታል። ባለቤቱ «እሰይ፣ ደረቀልኝ» ይላል። የሆነው ግን ኖራው ጋዙን የሚቀበልበት ውሃ ከውስጡ ተነጥቆ፣ ከላይ ስስ ቅርፊት ሠርቶ፣ ከሥሩ ዱቄት ሆኖ መቅረቱ ነው። እንዲህ ያለውን ልስን በጥፍር ቢፍቁት እንደ አመድ ይበናል።

ውፍረትም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። የጠነከረው የላይኛው ሽፋን ለሚከተለው አየር መንገድ ስለሚያጠብበት፣ ጥንካሬው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በጊዜው ልክ ሳይሆን ከጊዜው በጣም ባነሰ መጠን ነው። የመጀመሪያው አንድ ሳንቲ ሜትር የተወሰነ ወራት ከፈጀ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ለመድረስ እጥፉን ሳይሆን አራት እጥፉን ይፈጃል፤ ሦስት ሳንቲ ሜትር ደግሞ ዘጠኝ እጥፉን። በኖራ የሚሠራ ሰው ልስኑን በስስ በስሱ፣ እያንዳንዱን እጅ ከአንድ ሳንቲ ሜትር እምብዛም ሳያሳልፍ፣ በመካከሉም እያሳረፈ የሚለጥፈው በዚህ ምክንያት ነው። የቸኮለ ሰው ሦስቱን እጅ በአንድ ቀን ደራርቦ በአንድ ማለስለስ ይጨርሳል፤ ከዚያም ከሦስት ጊዜ ይልቅ ዘጠኝ ጊዜ ሲጠብቅ ይኖራል፤ ያውም ቀድሞ ካልወደቀ።

ከሰሉን በተመለከተ ግንበኛው ሳያውቀው ግማሽ እውነት ይዟል። የሚነድ ከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል፤ ኖራም ይህን ጋዝ ይፈልጋል። ነገር ግን የከሰሉ ሙቀት ቀድሞ ውሃውን ያባርርና ጋዙ ቤት መጥቶ አስተናጋጅ እንዳጣ እንግዳ ይመለሳል። ከዚህ የከፋው ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለውን ሽታም ቀለምም የሌለውን መርዝ ማውጣቱ ነው። ሠራተኛ በሚያድርበት ወይም እንግዳ በሚተኛበት ክፍል ይህ በፍጹም መሞከር የለበትም፤ ስለ ልስን ጥራት ከሚነሣው ክርክር ሁሉ ይህ ይቀድማል።

የራሴን ጥፋት ብነግርዎ ምክሬን ያለ ዋጋ እንዳላገኘሁት ይረዱልኛል። ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት የአንድ አሮጌ የድንጋይ ዕቃ ቤት ልስን እንድንሠራ ተጠርተን ነበር። ባለቤቶቹ ዓመታዊው ንግሥ ሳይደርስ እንዲያልቅላቸው ፈለጉ፤ እኔም ወጣት ነበርኩና «ይደርሳል» አልኩ። ጆንያ አርሶ መሸፈኑ ሥራውን የሚያጓትት መሰለኝ፤ ግድግዳውን ለፀሐይ ገልጬ ተውኩት፤ ሁለተኛውን እጅ ከመጀመሪያው በማግስቱ ለጠፍኩ። በንግሡ ዕለት ግድግዳው እንደ ነጠላ ነጭ ነበር፤ ተመሰገንኩ። ከሁለት ወር በኋላ በጣቴ አንጓ ሳንኳኳው እንደ ባዶ እንስራ ጮኸ። ክረምቱ ገብቶ የሐምሌ ዝናብ ጎኑን ሲመታው በምዕራብ በኩል ያለው ልስን ከነ ሙሉ ገጹ ተገንጥሎ ወደቀ። አሸዋውን ሰብስበን እንደገና ስናነፋ አብሮኝ ይሠራ የነበረ አንድ ሸምገል ያለ ግንበኛ ቀና ሳይል «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አለ። ከዚያ ወዲህ ያንን ተረት በሰማሁ ቁጥር የሚታየኝ እህል ሳይሆን አሸዋ ነው።

አያቶቻችን ይህን ሁሉ ያለ ኬሚስትሪ ያውቁት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ምስክሬም ቋንቋችን ነው። ሊጥ ይቦካል፤ ጭቃም ይቦካል። የምርግ ጭቃ ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ በዚያው ቀን ግድግዳ ላይ አይለጠፍም፤ ውሃ እየጠጣ፣ በየጊዜው እየተረገጠ፣ ጭዱ በስብሶ ልግ እስኪል ድረስ ቀናት፣ ከተቻለም ሳምንታት ይሰነብታል። ያልቦካ ጭቃ ልክ እንዳልቦካ ሊጥ ነው፤ ምጣድ ላይ ዐይን አያወጣም፣ ግድግዳ ላይ ይሰነጠቃል። ጠላ ጠማቂዋም ድፍድፉ መቼ እንደሚደርስ የምታውቀው አሽትታና ቀምሳ ነው፤ ቀን ቆጥራ ብቻ አታወርደውም። ኖራም በዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው። በውሃ ፈልቶ የበረደ ኖራ ጉድጓድ ውስጥ በውሃ ተሸፍኖ ሲሰነብት ቅንጣቶቹ እየደቀቁና እየተለጠጡ ይሄዳሉ፤ ከማንኪያ ላይ እንደ ቅቤ የሚለቅ፣ ውሃውንም ቶሎ የማይሰጥ የኖራ ሊጥ ይሆናል። በጥንቱ የሮማውያን ጽሑፍ ለልስን ሦስት ዓመት ያልሞላው ኖራ እንዳይሠራበት የሚከለክል የቆየ ደንብ እንደነበረ ተመዝግቧል። እኔ ያን ያህል አልጠይቅዎትም፤ ሁለትና ሦስት ወር ያረፈ ኖራ ለእርስዎ ቤት ይበቃል። ማረፉ ግን የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። እሳት አብዝቶ የመታቸው ቅንጣቶች ውሃ የሚጠጡት እጅግ ዘግይተው ስለሆነ፣ ጉድጓድ ውስጥ ጊዜ ካላገኙ ሥራቸውን ግድግዳው ላይ ይጨርሱታል፤ በዚያ ጊዜ እያበጡ ልስኑን ከውስጥ ይገፉትና እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ጎድጓዳ ያደርጉታል።

አሁን ወደ ሲሚንቶው ልምጣ። ሲሚንቶ ጠላት አይደለም፤ በራሱ ቦታ ታላቅ ቁስ ነው። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከአየር ጋር ሳይሆን ከውሃ ጋር ተዋሕዶ ስለሆነ ፈጣን ነው፤ ለእርሱ ተብሎ በታሰበ ሕንፃ ላይም ዘመናትን ይሻገራል። ይሁን እንጂ የፍጥነቱ ዝና ትንሽ ተጋንኗል፤ ሲሚንቶ ራሱ ጥንካሬው በደንቡ የሚለካው በ28ኛው ቀን ሲሆን፣ ቢያንስ የመጀመሪያውን አንድ ሳምንት ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት። ግንበኛዎ ሊያስረክብዎ ያሰበው በ21ኛው ቀን ነው። ስለዚህ አቋራጭ ብሎ ለያዘው ለራሱ ለሲሚንቶውም አልታገሠለትም።

ዋናው ችግር ግን የእርስዎ ግድግዳ የተሠራበት መንገድ ነው። በጭቃና በኖራ የተያያዘ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ከመሬትም ከዝናብም ጥቂት እርጥበት መውሰዱ አይቀርም፤ የሚኖረው የወሰደውን በበጋ እያስወጣ ነው። የኖራ ልስን ይህን ትንፋሽ ያሳልፋል። በሲሚንቶ ሲለሰን መውጫው ይዘጋል፤ ውሃው ከኋላው ይታቆራል፤ ወደ ላይ እየወጣ ቀድሞ ደረቅ የነበረውን ክፍል ያረጥባል፤ የጭቃውን ማያያዣ ያላላል፤ ከውሃው ጋር የመጣው ጨው ደግሞ ልስኑ ሥር እየደረቀ የድንጋዩን ፊት ይልጣል። ሙቀትና ብርድ ሲፈራረቁ ጠንካራው ልስን እንደ ለስላሳው ግድግዳ ስለማይንቀሳቀስ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ተጨማሪ ዝናብ ያስገባል እንጂ የገባውን አያስወጣም። «ትንሽ ጣል እናድርግበት» የሚለው አማካይ መንገድም አያዋጣም፤ ትንሹ ሲሚንቶ ለራሱ ጥንካሬ አይበቃም፣ የኖራውን መተንፈሻ ለማወክ ግን ይበቃል። ኖራ ሌላም ጸጋ አለው። በልስኑ ውስጥ ገና ያልጠነከረ ኖራ ስላለ፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ሲፈጠር ዝናቡ ያንን ኖራ አሟሙቶ ወደ ስንጥቁ ይወስደዋል፤ እዚያም አየር አግኝቶ ይጠነክርና ይደፍነዋል። አዝጋሚነቱ፣ ግንበኛው እንደ ነውር የቆጠረው፣ የመዳኑ ምክንያት ነው።

ይህን ለማየት ከከተማዎ መውጣት አያስፈልግዎትም። አፄ ፋሲል ጎንደርን መዲና ያደረጉት በ1636 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ግንቦቹ የተሠሩት በጥቁር ድንጋይና በኖራ ነው። በኖራ መገንባት በአባታቸው በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በጣና ዳር በጎርጎራ ታይቶ ነበር፤ ጎንደር ላይ ግን የከተማው መልክ ሆነ። (በኖራው ውስጥ እንቁላል ተቀላቅሎበታል የሚለውን ትረካ በልጅነታችን ሁላችንም ሰምተነዋል፤ አስጎብኚዎች ቢወዱትም ለግንቦቹ መቆም ኖራውና ጊዜው ይበቃሉ።) ከ1936 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከተማውን ይዘው የነበሩት ጣሊያኖች በፒያሳ የሠሯቸው የራሳቸው ሕንፃዎች ዛሬም በሥራ ላይ ናቸው። በፋሲል ግቢ ውስጥ ባደረጉት ጥገና ግን ሲሚንቶና ኮንክሪት ተጠቅመው ነበር፤ በኋላ የመጡት ጠጋኞች ብዙ ድካም ያወጡት ያንን ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ በመተካት ነው። ግቢው በ1979 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሲሚንቶን ከአሮጌ ድንጋይ ላይ ማንሣት ከመለጠፍ እጅግ የከበደ ሥራ ነው፤ ድንጋዩን ይዞ ይመጣልና። እርስዎም ዛሬ በሦስት ሳምንት የሚለጥፉትን ልጆችዎ በመዶሻና በመሮ ዓመት ሙሉ ሲያወርዱት አይበጅም።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ ጊዜን መርዳት ይቻላል፤ የማይቻለው መዝለል ነው። በዝቅተኛ ሙቀት የተቃጠለ ሸክላ ተደቁሶና ተነፍቶ በልኩ ሲጨመር ኖራው ከአየር ብቻ ሳይሆን ከሸክላው ጋርም እየተዋሐደ እርጥብ ቦታ ላይ ጭምር ይረጋል። ይህ ጥንታዊና ጨዋ መንገድ ነው፤ ለግድግዳዎ የታችኛው ክፍል እመክረዋለሁ። ጀሶን ግን ውጭ አያስጠጉት፤ በደቂቃዎች ውስጥ መርጋቱ ያጓጓል፣ ነገር ግን በውሃ ቀስ እያለ የሚሟሟ ስለሆነ የጎንደርን ክረምት አይችልም።

እርስዎ በጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ሐረግ ያለፉት ነገር ለእኔ ከልስኑ ይበልጣል፤ ከሥር እርጥበት ይወጣል ብለዋል። ልስኑ የወደቀው እርጥብ ስለነበረ እንጂ አርጅቶ ብቻ አይመስለኝም። ስለዚህ በመጀመሪያ የጣሪያውን አሸንዳ ይመልከቱ፤ ውሃው ግድግዳው ሥር የሚፈስ ከሆነ ምንም ዓይነት ልስን አያድነውም። ቀጥሎ በቤቱ ዙሪያ ያለው መሬት ከውስጡ ወለል ከፍ ብሎ እንደሆነ ይዩ፤ በብዙ አሮጌ ቤቶች ግቢ የአፈር ክምር በዘመናት ብዛት ያድጋል። ግድግዳው ሥር የተለጠፈ የሲሚንቶ መታጠቂያ ወይም የግቢ ንጣፍ ካለ ከግድግዳው አርቀው ያስቆርጡትና በቦታው ጠጠር ያለበት ቦይ ያውጡለት። ይህ ሥራ በሦስት ሳምንት በደንብ ያልቃል፤ የግንበኛዎም ችኮላ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ከዚያ በኋላ ግድግዳው ይድረቅ። ወፍራም ግድግዳ በጥሩ ሁኔታ ሲደርቅ ከአንድ ወገን በወር 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ይደርቃል ብለን በሻካራው እንገምታለን። ስድሳው ሳንቲ ሜትር እስከ ልቡ ርሶ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱም ወገን እየደረቀ ዓመት ይፈጅ ነበር፤ የእርስዎ የረጠበው በከፊል ስለሆነ ይህ በጋ ብዙውን ያወጣዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። አሁን ያለንበት ወቅት ግድግዳው ያለፈውን ክረምት የሚተፋበት ነው። አሁን ቸኩለን ከሸፈንነው የሐምሌንና የነሐሴን ውሃ ውስጡ ቆልፈን ነው ለእንግዶቹ የምናሳየው። ስለዚህ ከአሁን እስከ ጥር 11 ባለው ስምንት ሳምንት የላላውን ልስን ያራግፉ፤ ሲሚንቶ የነካው መገጣጠሚያ ካለ በጥንቃቄ ያስፈልፍሉ፤ ድንጋዩን ክፍት አድርገው ይተዉት። የውስጡን ክፍሎች ግን ማዘጋጀት ይችላሉ። ነባሩ የውስጥ ልስን ሲንኳኳ ድፍን ድምፅ የሚሰጥ ከሆነ አቧራውን ጠርገው፣ ውሃ ረጭተው፣ እንደ ወተት የቀጠነ የኖራ ቅብ በየቀኑ አንድ አንድ እጅ ይቀቡት። ቅቡ እጅግ ስስ ስለሆነ አየር እስከ ሥሩ ቶሎ ይደርሰዋል፤ በሳምንት ውስጥ ንጹሕ ክፍል ይኖርዎታል። ለጥምቀት ወደ ጎንደር የሚመጣ ሰው አሮጌ የድንጋይ ግድግዳ ተገልጦ ቢያይ ቅር የሚለው አይመስለኝም፤ ለእርሱ ሲል እኮ ነው የመጣው።

ከጥምቀት በኋላ እስከ መጋቢት መጨረሻ ባለው ጊዜ የድንጋዩን መገጣጠሚያዎች፣ ቀጥሎም ልስኑን ይሥሩ። አንድ እጅ ኖራ ለሁለት ተኩል ወይም ሦስት እጅ የታጠበ ሸካራ አሸዋ ይበቃል። ድንጋዩ ቀድሞ ውሃ ይጠጣ፤ ካልጠጣ የልስኑን ውሃ ይነጥቃል። በየእጁ መካከል ከአንድ ሳምንት ያላነሰ፣ ቢቻል ሁለት ሳምንት ይስጡት፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የረጠበ ጆንያ ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ብሎ ይንጠልጠል፤ ከቀትር በፊት ፀሐይ በማይመታው ጎን፣ ከቀትር በኋላ በሌላው ይሥሩ። እንዲህ ከሆነ ልስኑ የሰኔ ዝናብ ከመድረሱ በፊት ሁለት ወር ያህል ያገኛል፤ ሙሉ በሙሉ አይጠነክርም፣ ዝናብ ለመቻል ግን ይበቃዋል። ጥርጣሬ ካደረብዎ ትንሽ ጠርዝ ሰብረው ፌኖልፍታሊን የተባለውን ፈሳሽ ጠብ ያድርጉበት፤ ገና ያልጠነከረው ኖራ ደማቅ ሐምራዊ ይሆናል፤ የጠነከረው ቀለም አይለውጥም። ምን ያህል ሚሊ ሜትር እንደዘለቀ በዓይንዎ ያዩታል፤ ከግንበኛም ከእኔም ይልቅ እርሱን ይመኑ።

ውሉን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል። በቁርጥ የያዘ ሰው በዘገየ ቁጥር ይከስራል፤ ስለዚህ እንዲታገሥ እየጠየቁት በችኮላ ይከፍሉታል ማለት ነው። ሥራውን በየምዕራፉ ከፍለው፣ ለእያንዳንዱ እጅ ለብቻው፣ የመጨረሻውን ክፍያ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስከረም ቢያደርጉት፣ ያው ግንበኛ ሌላ ሰው ሆኖ ያገኙታል። በየእጁ መካከል ባለው ሳምንት ሌላ ቦታ ይሥራ፤ እርስዎ ቤት ተቀምጦ ኖራ አይጠብቅ።

ኖራውን ሲገዙ ደግሞ ይጠንቀቁ። በክልላችን በስፋት የሚገኘው ለአሲዳማ መሬት የሚሰጠው የእርሻ ኖራ ያልተቃጠለ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ነው። መልኩ ያው ነጭ ዱቄት ቢሆንም እሳት ስላልነካው ምንም ያጣው ጋዝ የለም፤ ስለዚህ ከአየር የሚወስደው አይኖርም፤ መቶ ዓመት ቢጠብቁት አይጠነክርም። ትዕግሥት የማይረባበት ብቸኛው ኖራ ይህ ነው። የተቃጠለውን ኖራ ትኩሱን ካገኙ ኖራውን ወደ ውሃው ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አይድፉ፤ ፈልቶ ይፈናጠራልና። ጓንትና የዓይን መነጽር ያድርጉ፤ ዓይን ውስጥ የገባ ኖራ ያሳውራል። በከረጢት የሚሸጠውን ደቃቅ የግንባታ ኖራ ካገኙም በውሃ አርሰው ያሳርፉት።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት የሚጀመር ሥራ ይህ ነው፤ በግቢዎ ጥላ ባለበት ጥግ ጉድጓድ ያስቆፍሩና ኖራውን አርሰው፣ ከላዩ አንድ ስንዝር ውሃ አቁረው ይተዉት። የጥምቀት እንግዶችዎ ሲሸኙ ሁለት ወር ይሞላዋል፤ ለመጀመሪያው እጅ የሚሆን ሊጥ ያገኛሉ። ጉድጓዱን ግን በጠንካራ ሳንቃ ይክደኑት፤ በበዓሉ ሰሞን ግቢው ውስጥ ሕፃናት ይሮጣሉ።